አራት ጊዜ ተሸኝቼ አንድ ጊዜም ስላልሄድኩ

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.
ካሳራኒ፣ ናይሮቢ

ለ«ማረፊያ» የሦስተኛ አገር ጉዞ ማስተባበሪያ ቢሮ
የአማርኛ ተናጋሪዎች ክፍል ኃላፊ
ለክብርት ወ/ሮ ብርነሽ ሥዩም
ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ

አመልካች፦ አስቻለው ወንድይፍራው፣ ልብስ ሰፊ
የፋይል ቁጥር፦ 0417/96

ጉዳዩ፦ የምሄድበት አገር በመጨረሻው ሰዓት አራት ጊዜ ስለተለወጠብኝ፣ ወይ የምደርስበት አገር ወይ የምቀርበት ቁርጥ ቃል እንዲሰጠኝ ስለማመልከት

ክብርት ሆይ፤

በቢሮዎ እንግዳ መቀበያ፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው በላይ፣ «ቅሬታ ያለው በሚችለው ቋንቋ በጽሑፍ ያቅርብ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን ገና ነጭ ሳለ አውቀዋለሁ፤ አሁን ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ከሥሩ ባለው ወንበር ላይም ከቢሮው ሠራተኞች ሁሉ ይበልጥ የተቀመጥኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ማስታወቂያውን አምኜ በታላቅ አክብሮት የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬ 47 ዓመት፣ ያላገባሁ፣ ልጅ የሌለኝ ሰው ነኝ። በአገር ቤት የሠራዊት ደንብ ልብስ በሚሰፋበት ክፍል ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቼ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ልብሱም ሰፊውም ባለቤት ስላጣን፣ በ1984 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ናይሮቢ ነኝ። ዘጠኙን ዓመት የኖርኩት ካሳራኒ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሥር፣ አንዲት ሱቅ ተከራይቼ እየሰፋሁ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጅጌው ረዘመብኝ ብሎ የከሰሰኝ ሰው የለም። የሱሪውን ጉዳይ ግን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

2. የጉዞዬ ታሪክ ባጭሩ ይህን ይመስላል። በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ እንደምሄድ ተነገረኝ። ብርዳም አገር ነው ስለተባልኩ ከሁለት ብርድ ልብስ አንድ ካፖርት ሰፋሁ። ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮዎ ጠርቶ አገሩ ወደ አውስትራሊያ መለወጡን አስታወቀኝ። በሰኔ ወር ወደ አውስትራሊያ ለመሄድ ተዘጋጀሁ፤ ሞቃት ነው ስለተባልኩ ካፖርቱን ለሕንፃችን ዘበኛ ሰጠሁት። ሰኔ ላይ እዚያ ክረምት መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። ለማንኛውም አልሄድኩም፤ በዋዜማው አገሩ ካናዳ ሆነ። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ወደ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ወደምትባል ከተማ ለመሄድ አየር ማረፊያ ድረስ ደረስኩ። ሻንጣዬን አስረክቤ፣ የቢሮዎ ስም የታተመበትን ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት ደረቴ ላይ አቅፌ እንደተሰለፍኩ ስሜ ተጠርቶ ከሰልፉ ወጣሁ። የሻንጣዬን ስም የጠራው ስለሌለ እሱ ሄደ። ዊኒፔግ ገብቶ፣ ሁለት ወር ተቀምጦ፣ ደህና ተመለሰ። ከሁለታችን ውጭ አገር ያየው እሱ በመሆኑ ጎረቤቶቼ ዛሬም «ሻንጣው እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። አራተኛው ኒውዚላንድ ሲሆን እሱን ለብቻው አቀርበዋለሁ።

3. ክብርት ሆይ፣ በደሌ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላባከንኩ ነበር። ጉዳቴን ለመረዳት የአሸኛኘታችንን ወግ ማስታወስ ያስፈልጋል። እርስዎ ያውቁታል፤ ይሁንና በፋይሉ ውስጥ መስፈር አለበት። በእኛ ዘንድ መንገደኛ ቂም ይዞም አስይዞም አይሄድም። ከመሄዱ በፊት ሰው ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከዚያ መንገደኛው ይነሣና «ብበድልም፣ ባስቀይምም ይቅር በሉኝ» ይላል፤ ሰውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ይመርቀዋል። ሊሸከም የማይችለውን ዕቃም ለወዳጅ ማስታወሻ አድርጎ ያከፋፍላል። አንድ ጊዜ በሽኝት የተሰጠን ዕቃ መልሶ መቀበል ደግሞ ነውር ነው። ይህ ሁሉ የተደነገገው የተሸኘ ሰው ይሄዳል በሚል ግምት ነው። አባቶቻችን ወጉን ሲያወጡ እንደ እርስዎ ያለ ቢሮ አላጋጠማቸውም።

4. የኔ ስሕተት የተፈጸመው በመጀመሪያው ሽኝት ነው። የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ተነሥቼ «ብበድልም ባስቀይምም» ማለት ስጀምር እጃቸውን አነሡና «በደፈናው አይሆንም፤ ዘርዝር» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅና ያልፈዋል። እኔ ግን ኖርዌይ የምሄድ መስሎኝ ዘረዘርኩ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት ሱፍ ሱሪው ያጠረው፣ እንደነገርኳቸው ላውንድሪ ቤት ገብቶ ሳይሆን፣ እኔ ጨርቁን ስቆርጥ ተሳስቼ መሆኑን አመንኩ። እሳቸው በዚያ ሱሪ ምክንያት ላውንድሪ ቤቱን ስድስት ዓመት ሙሉ አኩርፈውታል። ተነሥተው አቀፉኝ፣ አለቀሱ፣ ይቅር አሉኝ፤ እኔም አልጋዬን በማስታወሻነት ሰጠኋቸው። ኖርዌይ ከቀረ በኋላ በየቅዳሜው ያንን ሱሪ ለብሰው ይመጡና ሱቄ በር ላይ ቆመው ይውላሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ይታያል።

5. ሰው ከስሕተቱ ይማራል ይባላል። እኔ አልተማርኩም። ለአውስትራሊያው ሽኝት፣ ከኢስሊ ሠፈር ጨርቅ የሚያመጣልኝን ኑሬን ጠራሁትና ሥራ ቀዝቅዟል እያልኩ ስመልሰው የኖርኩት ከማዶ ከሙዓዊያ ሱቅ እየገዛሁ ስለነበር ነው ብዬ ነገርኩት። ኑሬ ደግ ሰው ነው። «አላህ ይቅር ይበልህ፣ እኔስ ማን ነኝ» አለኝ። ዳሩ ግን ሳልሄድ ስቀርና ኢስሊ ስወርድ፣ ኑሬ «ወደ ወዳጅህ ሂድ» ይለኛል፤ ሙዓዊያ ደግሞ ነገሩን ሰምቶ «የኔን ሱቅ በድብቅ ነበር እንዴ የምትገባው?» ብሎ ተቀይሟል። አሁን ክር የምገዛው ከተማ ድረስ በማታቱ ሚኒባስ ሄጄ ነው።

6. የካናዳው ሽኝት የባሰ ነው። ወንደላጤ ብሆንም በማኅበሩ ዘንድ የተከበርኩት በዶሮ ወጤ ነበር። ዓመት ጠብቆ ተራዬ ሲደርስ የማቀርበውን ወጥ የቀመሱ ባሎች ሁሉ ወደ ሚስቶቻቸው ዞር ብለው «አያችሁ፣ ሴት በሌለበት ቤት!» ይሉ ነበር። ይህ ዘጠኝ ዓመት ተባለ። እኔ በካናዳው ሽኝት ተነሥቼ ወጡን የምትሠራው ባለ ምግብ ቤቷ ወ/ሮ የሺወርቅ መሆኗን፣ የኔ ድርሻ ወደ ራሴ ድስት መገልበጥ ብቻ እንደነበር ተናገርኩ። ባሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሚስቶቹ በዕለቱ ይቅር አሉኝ፤ የማኅበር ቀን ነውና። በሳምንቱ ግን አለመሄዴ ሲታወቅ ይቅርታቸውን አነሡ። ዘጠኝ ሆነው ሱቄ መጡ፤ የተናገሩትን በዚህ ማመልከቻ ላይ ማስፈር ለቢሮዎ ክብር የሚመጥን አይደለም። የተጠቀመችው ወ/ሮ የሺወርቅ ብቻ ናት፤ ደንበኛዋ በዝቷል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ሁለቱም በአንድ ዓመት ደረሱ።

7. አሁን ወደ ኒውዚላንድ እመጣለሁ። እዚህ ላይ ቀልድ እንደሌለበት እንዲታወቅልኝ እለምናለሁ።

ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ሱቅ የወ/ሮ ሠናይት መኩሪያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ወ/ሮ ሠናይት ባለቤቷን በሞት ካጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እዚህ የመኖሪያ ወረቀት አላት፣ የትም የመሄድ ሐሳብ የላትም፤ የሌላውን ሰው የጉዞ ቅጽ ስትሞላ ትውልና «እኔ ከቲካ መንገድ ማዶ መሻገርም ያደክመኛል» ትላለች። ሁለታችንን የሚለየን አንድ ኮምፔንሳቶ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኮምፔንሳቶው በኩል የእሷን ጽሕፈት ስሰማ፣ እሷም የኔን መኪና ስትሰማ ኖረናል። መኪናዬ ጸጥ ሲል «አስቻለው፣ አመመህ እንዴ?» ትለኛለች። የኔን ዝምታ የሚቆጥር ሌላ ሰው የለኝም። እኔም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ለጋሽ ብርሃነመስቀል ሱሪ የደፈርኩትን ያህል እንኳ አልደፈርኩም።

ግንቦት 27 ቀን እሁድ፣ በማኅበራችን ዕለት፣ ለአራተኛ ጊዜ ተሸኘሁ። ሰዉ በሽኝቴ ልምድ ስላገኘ ምርቃቱ ላይ መሪ አላስፈለገም። ጋሽ ብርሃነመስቀል እንደ ልማዳቸው «ዘርዝር» ሲሉኝ የምዘረዝረው አልቆ ነበር። «አንድ ቀርቶኛል፤ እሱ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ለማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ነገር ግን ክብርት ሆይ፣ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ዞሮ ወ/ሮ ሠናይትን አየ። ለካ ሳያውቅ የኖረ እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ሱቋ ገባሁ። ማስታወሻ ይሁንሽ አልኳት። መስፋት እንደማትችል ነገረችኝ። አውቃለሁ አልኩ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ያልወጣው ቃል በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወጣ፤ እወድሻለሁ አልኳት፣ ስወድሽ ነው የኖርኩት አልኳት፣ ነገ ስለምሄድ ነው የምነግርሽ አልኳት። ወረቀት እየቆጠረች ነበር፤ ቆጥራ ጨረሰች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሻንጣ ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው የሚናገረውን እኔ አላምንም። ወይ ድረስና ደውልልኝ፣ ያኔ እመልስልሃለሁ። ወይ ሻንጣህን አስቀምጥና እንደገና ንገረኝ።»

8. ማክሰኞ ግንቦት 29 ቀን በታክሲ ወደ አየር ማረፊያ ስሄድ ሙታይጋ ላይ ስልኬ ጠራ። ከቢሮዎ ነበር። ኒውዚላንድ ቀርቷል፣ አዲሱ አገር ወደፊት ይገለጻል ተባልኩ። ሹፌሩ ፊቴን በመስታወት አይቶ «ፖሌ ሳና»፣ አይዞህ ማለቱ ነው፣ አለኝና ሳልነግረው መኪናውን አዞረ።

የተመለስኩት ወደ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሱቄን ለቅቄ የሞባይል ካርድ ሻጭ ገብቶበታል። ቤቴን ለቅቄአለሁ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ስላስጠጉኝ ዛሬ በገዛ አልጋዬ ላይ በእንግድነት እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሣ «እንቅልፍ ተስማማህ?» ብለው ይጠይቁኛል። የስፌት መኪናዬ የወ/ሮ ሠናይት ናት። መልሰሽ ስጪኝ ማለት ነውር በመሆኑ፣ ሳይሰፉ መዋል ደግሞ ረኃብ በመሆኑ፣ እሷ ከፎቶ ኮፒው ማሽንና ከበሩ መካከል ቦታ ለቀቀችልኝ። እነሆ እዚያው ተቀምጬ ስሰፋ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ኮምፔንሳቶው የለም። በመካከላችን ያለው አንድ በርጩማ ነው፤ በርጩማው ላይ ሻንጣዬ ተቀምጧል። ዘጠኝ ቀን የተነጋገርነው ስለ ክርና ስለ ወረቀት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የእሷ ኮምፒውተር ይቆማል፤ የኔ መኪና በእግር የምትሠራ ስለሆነች ትቀጥላለች። ያን ጊዜ ዝም እንዳትል ፈርቼ መርገጫውን ሳላቆም እረግጣለሁ።

9. ሰኔ 5 ቀን ከቢሮዎ የመጣልኝ ደብዳቤ «መድረሻዎ ዴንማርክ ወይም ሌላ አገር መሆኑን በደስታ እንገልጻለን» ይላል። ደስታውን ተካፍያለሁ። ነገር ግን «ሌላ አገር» የሚባለውን በካርታ ላይ ብፈልገው አጣሁት። ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ፤ አሁን ላሟ በየትኛው ሰማይ እንዳለች እንኳ አይነገረኝም። ከዚህ ቀደም አገር ሲለወጥብኝ የሚጎዳው ካፖርቴ ነበር። አሁን ግን የአንዲት ሴት መልስ እኔ መድረሴን እየጠበቀ ነው። ቢሮዎ ካላደረሰኝ አልደርስም፤ ካልደረስኩ አይመለስልኝም።

10. ስለዚህ፦

ሀ. እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ አንድ አገር፣ ስሙ የታወቀ፣ ተወስኖ እንድሄድ፤

ለ. ይህ ካልተቻለ የማልሄድ መሆኔ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበት እንዲሰጠኝ፣ ሻንጣዬን የማስቀምጥበት ሕጋዊ ምክንያት እንዳገኝ፣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

11. ክብርት ሆይ፣ ማመልከቻው እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር። ይህ አንቀጽና ቀጣዩ ዛሬ ጠዋት የተጨመሩ ናቸው።

በሠፈራችን አማርኛ በኮምፒውተር የምትጽፍ ወ/ሮ ሠናይት ብቻ በመሆኗ፣ እስከ ተራ ቁጥር 10 ድረስ ያለውን በእጄ ጽፌ ትናንት ለእሷ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ሌላ ቦታ ለመውሰድ አስቤ እስከ ማታቱ ማቆሚያው ሄጄ ተመልሻለሁ። እሷ ስትጽፍ እኔ አንድ የትምህርት ቤት ቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ነበር። ተራ ቁጥር 4 ላይ ሳቀች። ተራ ቁጥር 6 ላይ «ዘጠኝ አይደሉም፣ አሥር ነበርን» አለች፤ ከመጡብኝ ሴቶች አንዷ ራሷ መሆኗን ረስቼው ነበር። ተራ ቁጥር 7 ላይ ስትደርስ ጽሕፈቱ ቆመ። መኪናዬንም አቆምኩ። መብራት አልጠፋም። አንድ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ገብቶ አይቶን ወጣ። ከዚያ ጽሕፈቱ ቀጠለ።

እስከ መጨረሻው ጽፋ አተመችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። ተራ ቁጥር 7ን ዘልላ፣ ጣቷን ተራ ቁጥር 10 ላይ አድርጋ «ይኼ ቢሮ አራት ጊዜ ወስኖልህ አንዱም አልሆነም፤ በአምስተኛው ቢሮው ሻንጣ ያስቀምጥልህ ትላለህ? ፋይል የሚያስዘጋ ደብዳቤ ለስንት ሰው ጽፌያለሁ። የሚፈርመው እኮ ባለፋይሉ ነው» አለችኝ። ከዚያም የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ወረቀት ልትሞላ ዞረች።

ክብርት ሆይ፣ አልዋሽዎትም፣ ይህን አላውቅም ነበር። ማለቴ ባለፋይሉ በፈቃዱ ፋይሉን ማስዘጋት ይችላል የሚለውን ሕግ አውቀዋለሁ፤ በእርስዎ ቢሮ ግድግዳ ላይም ተጽፏል። ለእኔ የተጻፈ መሆኑን ነው ያላወቅኩት። አሥራ አራት ዓመት ሰው እስኪጠራኝ ስጠብቅ፣ ስጠራ ስነሣ፣ ተቀመጥ ስባል ስቀመጥ፣ ይህ ሻንጣ የኔ መሆኑን ረስቼ ኖሬአለሁ። ሌሊቱን በገዛ አልጋዬ ላይ ተገላበጥኩ። ፈርቻለሁ። ፋይሉን ዘግቼ እሷ እንቢ ብትለኝ አገርም ሴትም የሌለኝ የአርባ ሰባት ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። መልሷን አላውቅም። እንደማትነግረኝም አውቃለሁ፤ ሻንጣው መጀመሪያ መቀመጥ አለበት ብላለች፣ ሠናይት ደግሞ ቃሏን እንደ እርስዎ ቢሮ አትለዋውጥም።

ዛሬ ጠዋት ሱቋ ስገባ ሻንጣውን ከበርጩማው ላይ አነሣሁት። ፈታሁት። ውስጡ የነበረውን ሁለት ሸሚዝ፣ መቀሴን፣ ሜትሬንና በዊኒፔግ አየር ማረፊያ የተለጠፈበትን ወረቀት አውጥቼ መኪናዬ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ባዶውን ሻንጣ ለቦንዳ መጠቅለያ የሚፈልገው ካለ ብዬ በሩ ላይ አደረግሁት። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጬ በዚያ ሰኞ ያልኳትን እንደገና አልኳት። በዚህኛው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እሷም «እሱን ጽፈህ አምጣና ልተይበው» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

12. በመሆኑም ተራ ቁጥር 10 ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ በሚከተለው እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ፦

ሀ. የፋይል ቁጥር 0417/96 በባለፋይሉ ፈቃድ፣ ማንም ሳይገፋፋው፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲዘጋ፤

ለ. ቦታው ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ከሆነ፣ ከማስታወቂያው ሥር አጠገቤ ስትቀመጥ የኖረችውን ሦስት ልጆች ያሏትን የኢስሊዋን ወ/ሮ ኩለሱምን እንዲያስታውሷት። እሷ አገር አትመርጥም። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ግን ካፖርት እንዳትገዛ፣ ከሁሉም በላይ ለማንም ምንም እንዳትዘረዝር ቢሮዎ ቢመክርልኝ፤

ሐ. ከእንግዲህ የማልሄድ መሆኔ ለማኅበራችን በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ፤ እኔ ብነግራቸው ለአምስተኛ ሽኝት መዋጮ ከመጀመር አይመለሱምና።

በመጨረሻም፣ ከቢሮዎ ጋር መለያየቴ ስለሆነ በወጋችን መሠረት፣ ብበድልም ባስቀይምም ይቅር ይበሉኝ። ዘርዝር እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢሉኝ ግን አንድ አለ። የእንግዳ መቀበያው ሰማያዊ መጋረጃ አንዱ ጎኑ ወርዶ ዓይኔን ስላስቸገረኝ፣ ባለፈው መጋቢት ተራዬን ስጠብቅ ሳላስፈቅድ ጠርዙን በእጄ ሰፍቼዋለሁ። ያጠረ ከመሰለዎት ላውንድሪ አይደለም።

መድረሻው ከማይለወጥ ሰላምታ ጋር

አስቻለው ወንድይፍራው
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለጽዋ ማኅበራችን፣ በጋሽ ብርሃነመስቀል በኩል

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን አመልካቹ በጻፈው መሠረት፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተይቤዋለሁ። በተራ ቁጥር 1 ላይ «ያላገባሁ» የሚለው ለዛሬ ትክክል ነው፤ ማመልከቻው ፓርክላንድስ እስኪደርስ ድረስ ግን ቢሮው ባይተማመንበት ይሻላል። ሠ.መ.